ሉፐስ ያለበት ዘመድ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ መልሶ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ነገሩ መቼም አስቸጋሪ ነው፤ ሽፍታውና እብጠቱ ይመጣል ይሄዳል፣ የቀጠሮው ቀን ግን ሁሉም ጠፍቶ ታማሚዋ ራሷ «ደህና ነኝ» ትላለች። ከዚያ «ጭንቀት ነው» ተብላ ትመለሳለች።

ዘዴው ቀላል ነው። ምልክቱ በታየበት ሰዓት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ትኩሳቷን ለኩ፣ ቀኑንና የምትወስደውን መድኃኒት ጻፉ። ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይግባ፣ ደብተር ሙሉ ማንም አያነብም። «ደከማት» ብቻ አትበሉ፤ «ሊጥ ማቡካት አቅቷት ተቀመጠች» በሉ፣ ለሐኪሙ የበለጠ ይነግረዋል። የድሮ የላብራቶሪ ውጤቶችንም ያዙ፣ ለውጡ የሚታየው ሲነጻጸር ነው።

ሁለት ጥያቄ ደግሞ አትርሱ፦ «ሽንቷ ለፕሮቲን ታይቷል?» እና «ከሉፐሱ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»። ሉፐስ ኩላሊትን ሲነካ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፣ የሚያሳብቀው ሽንት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ነው። ድካሙም የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ነገር በሉፐሱ ሲሳበብ ይታለፋል።

ደረት ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ግራ ከተጋባች ወይም የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰደች ካተኮሳት ግን ወረቀቱን ተዉትና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።