በሮቦት እናት ላይ የትከሻ መቀርቀር ልምምድ እንዴት እንደሚመራ

የሕፃኑ ጭንቅላት ተወልዶ ትከሻው ከእናቲቱ የብልት አጥንት በስተኋላ ሲቀረቀር፣ ባለሙያዎች ሾልደር ዲስቶሺያ የምንለው አደጋ ይፈጠራል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም፣ ሲያጋጥም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ መፈታት ያለበት በመሆኑ፣ አዋላጅ ነርሶችም ሆኑ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች አስቀድመው በሲሙሌተር፣ ማለትም ወላድ እናትን አስመስላ በተሠራች ሮቦት፣ ሊለማመዱት ይገባል።

በመጀመሪያ የሮቦቷን ባትሪ ሞልተው፣ ክፍሉን የማዋለጃ ክፍል አስመስለው ያዘጋጁ። የወሊድ መተላለፊያውንና የሕፃኑን አካል አምራቹ ባዘዘው ማለስለሻ ብቻ ይቀቡ፤ ቫዝሊን ቆዳውን ሊያበላሸው ይችላል። ሠልጣኞቹን በሙያ አይለያዩ፤ ሐኪሙና አዋላጇ በእውነተኛው አደጋ አብረው የሚቆሙ ናቸውና። የእናቲቱን ድምፅ በተመለከተ፣ ከተቀረጸው ጩኸት ይልቅ በማይክሮፎን የሚናገር ሰው እመርጣለሁ፤ የተቀረጸው ለሠልጣኙ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ከሁሉም የሚከብደው ሕፃኑ መቼ እንደሚለቀቅ መወሰን ነው። ሮቦቷን በኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ሰው ትከሻውን ይዞ ያቆያል፤ ጭንቅላቱም ወጥቶ እንደ ኤሊ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ በጀማሪነቴ የምሳ ሰዓት ስለደረሰብኝ፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሕፃኑን እንዲለቅ ለተቆጣጣሪው ምልክት ሰጠሁት። በዚያች ቅጽበት አንድ ሠልጣኝ ጭንቅላቱን ይዞ በኃይል እየሳበ ነበር። ሕፃኑ ወጣ፣ ክፍሉም አጨበጨበ። በሚቀጥለው ዙር ሦስት ሠልጣኞች ከሁሉ አስቀድመው ጭንቅላቱን ሳቡ። የክንድን ነርቭ የሚበጥሰውን ስሕተት ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ሕፃኑን የሚያስለቅቀው የትኛው እርምጃ እንደሆነ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይጻፉ፤ ተቆጣጣሪውም ሰዓቱን ሳይሆን የሠልጣኞቹን እጅ ይመልከት። እኔ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ሁለት ረዳቶች የእናቲቱን ጭኖች ወደ ሆዷ በደንብ ሲያጥፉ፣ ማለትም በማክሮበርትስ አቀማመጥ፣ ሕፃኑ አይለቅም። ከብልት አጥንት በላይ፣ ከሕፃኑ ጀርባ በኩል የፊተኛውን ትከሻ ሲጫኑም አይለቅም። የሚለቀው የኋለኛውን ክንድ በትክክል ሲያወጡ ብቻ ነው። የማህፀኑን አናት የተጫነ ሰው ካለ ትከሻው ይበልጥ ይጥበቅ። አንድ ሠልጣኝ ደግሞ ጭንቅላቱ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ በየ30 ሰከንዱ ሰዓቱን ጮክ ብሎ ይጥራ።

የመሳብ ኃይልን የሚለካ ሞዴል ካለ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን እመርጣለሁ። ሥልጠናው ራሱ ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል፦ በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ በሳውዝሚድ ሆስፒታል የትከሻ መቀርቀር ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ከ1996 እስከ 1999፣ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ከ2001 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተደረጉ ወሊዶች ተነጻጽረው ነበር፤ ትከሻቸው ከተቀረቀረ ሕፃናት መካከል በወሊድ ጊዜ የተጎዱት ከ9.3 ወደ 2.3 በመቶ ወርደዋል። የመሳብ ኃይል መለኪያ ከሌለ የሠልጣኞቹ እጅ በሚታይበት ጎን ሆነው በስልክ ይቅረጹ። ለእጅ ጥበብ ብቻ ከሆነ ውድ ሮቦት እንኳ አያስፈልግም፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊቷ አዋላጅ አንጄሊክ ዱ ኩድሬ በጨርቅ አሻንጉሊት እየዞረች ታስተምር ነበር። ሮቦቷ የምትጠቅመው በአብዛኛው የቡድን ሥራን ለማለማመድ ነው።

ልምምዱ እንዳበቃ ውይይት ይክፈቱ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ሕፃኑን ሲያዋልድ የነበረው ይሁን። ቪዲዮውን አብረው ከተመለከቱ በኋላ ያው ቡድን በዚያው ቀን ይድገመው፤ በሁለተኛው ዙር ግን የሚያስለቅቀውን እርምጃ ይቀይሩ፣ አለበለዚያ ሠልጣኞቹ ቅደም ተከተሉን በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ።

በመጨረሻ ማለስለሻውን አጥበው፣ አካሏን አድርቀው ያስቀምጡ። እስክሪብቶና ጋዜጣ አያስጠጓት፤ ቀለማቸው ከቆዳዋ አይለቅም።