ዘግተው ሲከፍቱ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የኮሮና ጊዜ

የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። በኮሮና ጊዜ ሥራዬ የደሴንና የኮምቦልቻን ካፌዎች፣ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች እየዞርኩ ማየት ነበር። እገዳው ቀስ በቀስ ሲላላ በየቤቱ ያገኘሁት ስህተት ተመሳሳይ ነው። በ2014 በጦርነቱ ምክንያት ተዘግተው የነበሩ ቤቶች ሲከፈቱ ደግሞ ግማሹ ተደገመ። ነገ ኮሌራም ይሁን ሌላ ነገር መጥቶ መዝጋትና መክፈት አይቀርልንም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የሌላ ከተማን ውሳኔ መቅዳት

የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ታወጀ። ከዚያ በፊት ግን ክልሎች የየራሳቸውን እርምጃ ይወስዱ ነበር። ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲታገድባቸው ደሴ በዚያ ውስጥ አልነበረችም። እኛ ዘንድ ግን ባሕር ዳር ያለ ዘመዱ ስለደወለለት ብቻ ካፌውን የዘጋ ሰው አውቃለሁ። ዘመዱ «ከፈትን» ሲለው እሱም ከፈተ። ደሴ ላይ ምን እንዳለ አንድም ሰው አልጠየቀም።

የትምህርት ቤቶቹ አከፋፈት ከዚህ ይሻል ነበር። ጥቅምት 2013 ላይ መጀመሪያ ገጠር፣ ቀጥሎ የዞን ከተሞች፣ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባና የክልል ዋና ከተሞች ተባለ። ሰው ባነሰበት ቀድሞ፣ ሰው በበዛበት ዘግይቶ ማለት ነው። ይህን ያልተረዱ ወላጆች ግን «ገጠር ተከፍቷል» ሲባል ሰምተው እዚህ ከተማ ልጆቻቸውን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለጥናት ሰበሰቡ። «ተከፍቷል» ሲባል መጀመሪያ «የት? ለማን?» በሉ።

በረኪናን በዓይን መለካት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ በረኪና መግዛት ነው፤ ጥሩ። ከዚያ «ትንሽ ጠብ አድርጊበት» ይባላል። ስንት ነው ትንሽ? አንዱ ቤት ሽታው እንኳ የማይሰማ ውሃ ነው። ሌላው ቤት ስገባ ዓይኔ ያነባል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ተልጧል።

ሒሳቡ ይኼን ያህል አይከብድም። ገበያ ላይ የሚሸጠው በረኪና አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ለጠረጴዛ፣ ለበር እጀታና ለወለል 0.1 በመቶ ይበቃል። ያ ማለት 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ። በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ጎደል ያለ። ደምና ትውከት ለነካው ቦታ 0.5 በመቶ፣ ማለትም 1 እጅ ለ9 እጅ ውሃ። በቃ። ጀሪካኑ ላይ በማርከር መስመር ካሰመራችሁ ማንም ይለካዋል።

ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ የሰኞው በረኪና ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሐሙስ ላይ ውሃ ነው። ቆሻሻ ላይ ከመድፋት በፊት በሳሙና እጠቡ፤ እድፉ ክሎሪኑን ይበላዋል።

አሁን ዋናው፦ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ! «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» ያለ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበር። መስኮት የሌላት ሽንት ቤት ውስጥ ደባለቁት። የጽዳት ሠራተኛዋን በሁለት ሰው ደግፈው ሲያወጧት ደረስኩ፤ ሳሏ አልቆም ብሎ ነበር። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ሰው ላይ የሚረጩም ነበሩ። በር ላይ ዋሻ ሠርተው ደንበኛን በኬሚካል የሚያጥቡ! የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ላይ መርጨት በምንም ሁኔታ አይመከርም ብሏል። ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፤ ሳንባ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ግን አይነካም።

በሙቀት መለኪያው መተማመን

ደሴ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጉም። ጥበቃው አባባ ግንባሬ ላይ ደገኑና «ሠላሳ ሦስት! ግባ ልጄ፣ ጤነኛ ነህ» አሉኝ። 33 የሆነ ሰው እኮ ሆስፒታል ነው የሚገባው። መሣሪያው የለካው በብርድ የደረቀ ቆዳዬን ነበር። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከፀሐይ የመጣ ሰው ሁሉ ትኩሳታም ይመስላል። ትንሽ ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ለኩ። ትኩሳት ሳይኖረው የሚያስተላልፍ ሰው ስላለም መለኪያውን እንደ ዘበኛ አትቁጠሩት።

መስኮት ዘግቶ ወንበር ማራራቅ

አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሦስት ሰው በላይ አይቀመጥ ተባለ፤ ብዙው ቤት አከበረ። ወንበሮቹ ተራራቁ። መስኮቱ ግን ተከርችሟል! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ይረዳል። አንዲት ባለ ካፌ እናት «ልጄ፣ ደንበኛዬን በብርድ ልግደልልህ?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይከፈት ማለት የማይሆን ምክር ነው።

ግን መፍትሔ አለ። ዕጣን አጭሱና ተመልከቱ። ጭሱ ከጣሪያው ሥር ተንሳፍፎ የሚቆይ ከሆነ ደንበኛ የተነፈሰውም እዚያው ይቆያል። ከዚያ የላይኛውን መስኮት ብቻ ክፈቱ፤ ብርዱ የተቀመጠ ሰው አንገት ላይ አያርፍም። ፊት ለፊት ያለውን የጓዳ በር በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱት፤ አየሩ ከዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ጠረጴዛውን በረንዳ አውጡ። እኚያ እናት ይህን አደረጉ፤ በረንዳው አሁንም ከውስጡ ይልቅ ይሞላል።

ኮምቦልቻ ላይ ብርድ የለም፤ ሰበቡ ቬንትሌተር ነው። በር ዘግቶ ቬንትሌተር ማዞር ያንኑ አየር ማመላለስ ነው።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ጭምብል አገጭ ላይ፦ ምንም አልልም። ፖሊስ ሲታይ ባጃጅ ውስጥ አንዱን ጭምብል የሚቀባበሉትንም እንዲሁ።

በር ላይ የእጅ መታጠቢያ አስቀምጦ ውሃ አለመሙላት። ወይ ውሃ ኖሮ ሳሙና የለም።

ሲኒዎችን በአንድ ሳህን ውሃ ማለቅለቅ። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉ ልጆች ደጅ ስለሚሠሩ በአየሩ በኩል ከሆቴሎቹ ይሻሉ ነበር። ያቺ ሳህን ግን ታበሳጨኛለች። በቆርቆሮ ቀድታችሁ በሚወርድ ውሃ እጠቡ።

ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛን አራርቆ ሰርቪስ ውስጥ ማጨቅ። ኮምቦልቻ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ታክሲውም እንዲሁ፦ ግማሽ ሰው ጫኑ ተብሎ ታሪፍ ተጨመረ፤ ኬላ ሲታለፍ ሰው ሞላ፣ ታሪፉ ግን አልቀነሰም።

የቆመውን ውሃ መርሳት

ፔንሲዮን ለወራት ሲዘጋ ሮቶው ውስጥና ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ይቆማል። እዚያ ባክቴሪያ ይራባል፤ በተለይ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ቦታ። ይህ በጦርነቱ ጊዜ ከተዘጉት ቤቶች በብዙዎቹ ተደግሟል። ሮቶውን አፍስሱ፣ ፈግፍጉ፣ በክሎሪን እጠቡ። እያንዳንዱን ቧንቧና ሻወር ለደቂቃዎች ልቀቁት፤ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ከፍታችሁ እናንተ ውጡ። የሻወሩን ብናኝ መተንፈስ ነው አደጋው።

ሹፌርን ማባረር

ኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያወጣው መንገድ መገናኛ ናት። የከባድ መኪና ሹፌሮች እዚህ ያድራሉ። በዚያ ወቅት «ከጅቡቲ ነኝ» ያለ ሹፌር አልጋ ይከለከል ነበር። ውጤቱ? ሁሉም «ከሐይቅ ከተማ ነው የመጣሁት» ማለት ጀመረ። ከየት እንደመጣ የማታውቁት እንግዳ ከምታውቁት ይበልጥ ያሰጋል። አንድ ፔንሲዮን በሩ በቀጥታ ወደ ግቢ የሚከፈት ክፍል ለየላቸው፤ ምግባቸውን እዚያው ያደርስ ነበር። እነሱም እውነቱን ይናገሩ ነበር።

የታመመን ሠራተኛ ሥራ ማስገባት

«ካልመጣሽ ቀኑ አይታሰብልሽም» የተባለች አስተናጋጅ ትኩሳት ይዟት ትመጣለች፤ ምን ታድርግ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ሲቀር የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ እንዲከፈለው ይላል። የሐኪም ማስረጃ ማምጣት አለበት። አንድ አስተናጋጅ ለሳምንት ቤቷ ብትተኛ የሚወጣው ወጪ ሁሉም ሠራተኛ ታሞ ካፌው ዳግም ቢዘጋ ከሚጠፋው ጋር አይነጻጸርም። ቤቱን ከመክፈታችሁ በፊት ማን በማን ፈንታ እንደሚገባ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።