ቅባት አልቀበል ያለው ፀጉሬ እርጥበት መያዝ የጀመረበት መንገድ

ፀጉሬ ቅባት በብዛት እየተቀባም ይደርቅ፣ ጫፉም ይሰባበር ነበር። መፍትሔው የተገኘው የጥቅልሉን ዓይነት ከመለየት ይልቅ ፀጉሩ ውኃ እንዴት እንደሚቀበል ከመመርመር ነው፤ ከ1 (ቀጥ ያለ ፀጉር) እስከ 4 (በጣም የተጠቀለለ ፀጉር) ያለው የተለመደው ምደባ (የእኔ በአብዛኛው 4 ሲሆን ማጅራቴ አካባቢ ወደ 3 ይጠጋል) ስለ ቅርፅ እንጂ ስለ እርጥበት ብዙ አይናገርም። ታጥቦ በደረቀ፣ ምንም ባልተቀባ ፀጉር ላይ ውኃ ስረጭ ጠብታዎቹ ሳይሰርጉ ላዩ ላይ ቆዩ፤ ይህም የውጭ ሽፋኑ ቅርፊቶች እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው በጥብቅ መገጠማቸውን ይጠቁማል። ፀጉርን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥሎ መስጠም አለመስጠሙን ማየት ግን፣ ወዝና የአየር አረፋ ውጤቱን ስለሚያዛቡት፣ አላምንበትም።

ስለዚህ ወፍራሙን ቅባት ትቼ፣ በለብታ ውኃ ከታጠብሁ በኋላ ቀለል ያለ ኮንዲሽነር ተቀብቼ ራሴን በፕላስቲክ ቆብ ለጥቂት ጊዜ እሸፍናለሁ፤ ፀጉሩ ገና እርጥብ ሳለም ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር እያልሁ እፈታዋለሁ። ዘይት የሚከተለው በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂት ጠብታ ነው፤ ምክንያቱም ዘይት የገባውን እርጥበት ቶሎ እንዳይተን ያግዛል እንጂ በራሱ ውኃ አይሰጥም። አሁን ጫፉ ሲበጠር አይሰባበርም፤ ቶሎ የሚደርቀውን የማጅራቴን ክፍል ብቻ በመሐል ውኃ እረጨዋለሁ።