አናናሱ ምን ሆነ? ጎጃም ላይ ለምትተክሉ

ባሕር ዳር ያለች ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ጠርታ ጓሮዋ ወሰደችኝ። በልታ የተከለችው የአናናስ አናት መሃሉ ቡኒ ሆኗል። ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው ተመዝዞ እጄ ላይ ቀረ። ሽታው አይጣል ነው።

«ወንድማለም፣ እኔኮ ጠዋት ማታ ነው የማጠጣው። ምን በደልኩት?»

«እታለም፣ በደሉ እሱ ነው» አልኳት።

አናናስ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ብሮሚሊያድ ከሚባሉት ተክሎች ወገን ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ዛፍ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። የቅጠሉ ቀዳዳዎች በአብዛኛው ሌሊት ይከፈታሉ፤ ቀን ፀሐዩ ሲከር ይዘጋሉ። በዚህ ላይ ቅጠሎቹ እንደ አሸንዳ ዝናቡንና ጤዛውን ወደ መሃል ያወርዱለታል። ብዙ ውሃ የማይፈልገው ለዚህ ነው።

መሃሉ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ሲሳብ ይመዘዛል

እኛ ጋ አንደኛው ገዳይ ይሄ ነው። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ፋይቶፍቶራ የሚባል ሻጋታ መሰል ተባይ ይራባና ልቡን ይበላዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ራሱ ከበቂ በላይ ነው። በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው ዋልካ አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም። ዋልካ ላይ ሜዳውን አትትከሉ። መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት፤ ወይም ቢጫ ጀሪካን ቆርጣችሁ ሥሩን በደንብ ብሱና አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ሙሉት።

አናቱን ስትተክሉም ጥንቃቄ አለ። ከፍሬው ጠምዝዛችሁ አውጡት፣ የታች ቅጠሎቹን ላጡ፣ ከዚያ ጥላ ቦታ ለ5 ቀን ያህል ቁስሉ ይድረቅ። ወዲያው እርጥቡን የተከለ ሰው ብስባሽ ነው የሚያገኘው። ጠለቅ አታድርጉት፤ አፈር መሃሉ ከገባ አለቀለት።

የበሰበሰው ይድናል ወይ? ግንዱን እየቆረጣችሁ ውረዱ። ነጭና ጠንካራ ሥጋ ካገኛችሁ እዚያ ላይ ተዉት፤ ከጎኑ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። እስከ ሥሩ ቡኒ ከሆነ ነቅላችሁ ከጓሮው አርቁ።

አዲሱ ቅጠል ይነጣል፣ ቢጫ ይሆናል

«አመድ አድርጋችኋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው! በአዊና በምዕራብ ጎጃም ገበሬው አሲዳማ መሬቱን በኖራ ያክማል። ለስንዴና ለገብስ እሰየው ነው። አናናስ ግን ያንኑ አሲዳማ አፈር ነው የሚወደው፤ ፒኤቹ (የአፈሩ የአሲድ መለኪያ) ከ4.5 እስከ 5.5 ሲሆን ይመቸዋል። አመድና ኖራ ሲጨመርበት አፈር ውስጥ ያለውን ብረት ማግኘት ያቅተዋል። አመዱን አቁሙ፣ የላዩን አፈር ቀይሩ።

የሚነጣው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ግን ናይትሮጅን ነው የጎደለው። 50 ግራም ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ቅጠሉ ላይ አርከፍክፉ። ዩሪያውን ሳትበጠብጡ መሃሉ ላይ መበተን ያቃጥለዋል።

ቅጠሉ ይቀላል

ከኅዳር እስከ ጥር ከቀላ ብርድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በነዚያ ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር አስጠጉት፣ ውሃውን ቀንሱለት። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ መስኮት ሥር ለጌጥ ካልሆነ በቀር አትድከሙ ነው የምለው። የዓባይ በረሃ ቆላ ላይ መሬት ያለው ሰው ግን ዕድለኛ ነው።

ከቀላ በኋላ ጫፉ እየደረቀ ወደ ታች ከታጠፈ ግን ሥሩን ፈትሹ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ታያላችሁ፣ አጠገቡም ጉንዳን አይጠፋም። ጉንዳኑ ጣፋጭ ፈሳሹን ስለሚፈልግ ተባዩን ይጠብቀዋል፣ ከተክል ወደ ተክልም ያጓጉዘዋል። በሳሙና ውሃ እጠቡት፤ ጉንዳኑን ሳታጠፉ ግን ተባዩ ተመልሶ ይመጣል። በጣም የጠወለገውን ንቀሉ።

ሁለት ዓመት ሞላው፣ አያብብም

ከ30 ያላነሰ ትልቅ ቅጠል ካለው ደርሷል ማለት ነው። የሚጎድለው ቀስቃሽ ነው። ጥሬ ሙዝ ዝግ ቤት ውስጥ በጭስ ሲበስል አይታችኋል? ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ። አናናስን እንዲያብብ የሚቀሰቅሰውም ይኸው ጋዝ ነው። ከበሰለ ሙዝም ስለሚወጣ ሁለት ሦስት በጣም የበሰለ ሙዝ ቅጠሉ መሃል አስቀምጡና ተክሉን በትልቅ ፌስታል ሸፍኑ። ጥላ ቦታ ይሁን፤ ፀሐይ ካገኘው ይቀቀላል። ከሳምንት በኋላ ግለጡት። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መሃሉ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ይላል።

ጊዜውን ምረጡ። ለብቻው ከተተወ የታኅሣሥ ብርድ ይቀሰቅሰውና ፍሬው ክረምት ላይ ይደርሳል። ፀሐይ ያላየ አናናስ ደግሞ ይኮመጥጣል። እኔ መስከረም ላይ ነው የምሸፍነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ እበላለሁ።

ቀድማችሁ አትቁረጡት። ቆጥ ላይ ቢያስቀምጡት ቢጫ ይሆን ይሆናል እንጂ አይጣፍጥም። ከሥሩ ቢጫ እስኪሆንና እስኪሸት ጠብቁ።

ፍሬ ከሰጠ በኋላ ይሞታል

ይሄ በሽታ አይደለም። እናቲቱ አንዴ ወልዳ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ከጎኗ ከሚወጡት ልጆች አንድ ሁለቱን ተዉ፣ ሌላውን ገንጥላችሁ ትከሉ። ከአናቱ ቀድመው ያፈራሉ።

የእታለም አናናስ ግንዱ ተርፎ አንድ ልጅ አቆጥቁጧል። አሁን በሳምንት አንዴ ነው የምታጠጣው። «ስስት አስተማርከኝ» ትለኛለች።