የግሪክና የሮምን ጥንታዊ ሕንፃዎች ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አቴንስንና ሮምን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ጉዞው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ሰልፉና ስለ ሙቀቱ ነው። ያሳዝናል፤ እነዚህ ሕንፃዎች ምኑን እንደሚያይ አውቆ ለቀረበ ሰው የሚያሳዩት ብዙ ነው።

ፓርተኖንን ከፊት ለፊት ፎቶ አንስቶ መመለስ

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። በአቴንስ አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ቤተ መቅደስ ፓርተኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 የተሠራ ሲሆን፣ ቀጥ ያለ የሚመስለው ሁሉ ቀጥ ያለ አይደለም። ወደ ማዕዘኑ ሄደው ጎንበስ ይበሉና በረጅሙ ጎን የደረጃውን ጠርዝ ይከተሉ። ወደ 70 ሜትር በሚጠጋው ርዝመት መሃሉ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ዓምዶቹም ወገባቸው ላይ በትንሹ ያበጡ ናቸው፤ ወደ ውስጥም ዘንበል ይላሉ። ስለዚህ ድንጋዮቹ እንደ ጡብ በአንድ ልክ የሚመረቱ አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ለሚያርፍበት ቦታ ተለክቶ መጠረብ ነበረበት። ይህ ሁሉ ለምን እንደተደረገ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ፤ ዐይን ሕንፃው መሃሉ ላይ የረገበ እንዳይመስለው ነው የሚሉ አሉ።

ነጭ ነበር ብሎ ማሰብ

እብነ በረዱ ዛሬ ነጭ ቢሆንም ቅርፃ ቅርፁና የላይኛው ክፍል በቀይ፣ በሰማያዊና በሌሎች ቀለማት ያሸበረቀ ነበር። ይህን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2009 በኮረብታው ግርጌ የተከፈተውን የአክሮፖሊስ ሙዚየም ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ከዋናዎቹ ቅርፆች ጎን የጄሶ ቅጂዎች ያያሉ፤ በርካታዎቹ ዋና ቅርፆች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዛዊው ዲፕሎማት በሎርድ ኤልጂን ተወስደው ዛሬም ለንደን ናቸው። ኮረብታውን በማለዳ፣ ሙዚየሙን በቀትር ቢያደርጉ ከፀሐዩም ይተርፋሉ። በአውሮፓ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ሙቀቱ ሲበረታ አክሮፖሊስ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሶ ስለሚያንሸራትት የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

ሁሉንም ያፈረሰው ዕድሜ ነው ማለት

ፓርተኖን እስከ እ.ኤ.አ. 1687 ድረስ አብዛኛው አካሉ ቆሞ ነበር። በዚያ ዓመት ኦቶማን ቱርኮች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መታው፤ ፈነዳ። በአንፃሩ ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ተርፈዋል። በአቴንስ የሄፌስተስ ቤተ መቅደስ፣ በጣሊያን ደሴት ሲሲሊ፣ አግሪጀንቶ ከተማ የኮንኮርዲያ ቤተ መቅደስ፣ በሮም ደግሞ ፓንተዮን እንዲህ ነው የዳኑት።

ፓንተዮን ከእ.ኤ.አ. 609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛሬም ቅዳሴ ስለሚካሄድበት አለባበስዎን ያስተካክሉ፣ የቅዳሴውንም ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ። ግንባሩ ላይ የሮማዊው ባለሥልጣን የአግሪጳ ስም ተጽፏል፤ ይሁንና የአግሪጳ ሕንፃ በእሳት ጠፍቶ፣ የምናየው በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን የተጠናቀቀው ነው። ጉልላቱ 43.3 ሜትር ስፋት አለው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ያው ነው። ውስጡ ብረት የለም። ግንበኞቹ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲሄዱ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከኮንክሪቱ ጋር እየቀላቀሉ ክብደቱን ቀነሱ። ዝናብ ከዘነበ አይሽሹ፤ በመሃሉ ክፍተት የሚገባው ውኃ በወለሉ ቀዳዳዎች ሲወርድ ማየት ተገቢ ነው።

ደቡብ ጣሊያንን መዝለል

የግሪክን ቤተ መቅደስ በጸጥታ ለማየት ጣሊያን ይሂዱ ሲባል ብዙዎች ይገረማሉ። ከኔፕልስ በስተደቡብ በባቡር የሚደረስባት፣ ጥንት የግሪኮች ከተማ የነበረችው ፔስቱም በዶሪክ ስልት (የዓምዱ ራስ ጌጥ የሌለው) የተሠሩ ሦስት ቤተ መቅደሶች አሏት። ከሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱ በ550፣ ሌላው በ460 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ የተሠሩ ናቸው። የቀደመው ፊት ለፊት 9 ዓምዶች ስላሉት መሃሉ ላይ ዓምድ ይደነቀራል፤ ዓምዶቹም ሆዳቸው የሰፋ፣ ራሳቸው የተዳመጠ ነው። የኋለኛው 6 አለው፤ መሃሉ ክፍት ሆኖ ወደ ውስጥ ይጋብዛል። ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ትምህርት በጥቂት እርምጃ ርቀት ይታያል።

በሲሲሊ የሰጀስታ ቤተ መቅደስ ሳያልቅ የቀረ ነው። ዓምዶቹ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቦይ አልተፈለፈለም፤ በደረጃዎቹ ድንጋዮች ላይም ለማንሳት የተተዉ ጉብታዎች እስካሁን አሉ። ስለ አሠራሩ ካለቁት ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ዓረብ አገር ሆኖ አውሮፓን ብቻ መመኘት

ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የሮማውያን ዘመን ከተማ ጀራሽ ዙሪያውን በአዮኒክ (ራሳቸው እንደ ጥቅልል የተጠመጠመ) ዓምዶች የተከበበ እንቁላል ቅርፅ አደባባይ አላት። በሊባኖስ ባልቤክ የጁፒተር ቤተ መቅደስ ስድስት ዓምዶች ወደ 20 ሜትር ከፍታ ቆመዋል፤ ወደዚያ ከማሰብዎ በፊት ግን የአካባቢውን ጸጥታ ያጣሩ።

በአንድ ቪዛ ሁሉንም ማዳረስ

ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ ግሪክን፣ ጣሊያንንና ፈረንሳይን ስለሚያስገባ በሳምንት ሦስቱንም ለመዞር የሚሞክር አለ። አይመከርም። አንድ ሳምንት ካለዎት ኔፕልስ ይረፉና ለፔስቱም ሙሉ ቀን ይስጡ፤ ከዚያ ወደ ሲሲሊ ይሻገሩ። ለአግሪጀንቶና ለሰጀስታ የተለያዩ ቀናት ይመድቡ፤ መኪና መከራየት ከአውቶቡስ ጥበቃ ይገላግላል።