እልህና ይሉኝታ በር ላይ ይቅሩ፦ ከአርባ በኋላ ጁጂትሱ ስለ መጀመር

መጀመሪያ ያነቀችኝ ሰው ነርስ ናት። ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ነው፣ ክብደቷ ስልሳ ኪሎ ቢሞላ ነው። እኔ ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ፣ ዘጠና አራት ኪሎ፣ ቀን ሙሉ መኪና ስነዳ የምውል፣ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወገቤ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ የሚል ሰው ነበርኩ። አርባ ሰከንድ አልፈጀባትም። ክንዷ አንገቴ ሥር ሲገባ በእጄ መታ መታ አድርጌ «በቃ» ማለት ሲገባኝ «እንዴ፣ በሷ?» ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ለማምለጥ ስወራጭ ጎድኔ ቀጭ አለ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሳለኝ ቁጥር ጎኔን በእጄ ደግፌ ነበር የምስለው። እሷ ምንም አላደረገችኝም፣ ያደረገኝ እልሄ ነው።

አሁን አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቄያለሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ቡና ላይ ስንገናኝ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» እያለ የሚስቅብኝ ጓደኛ አለኝ፤ ባለፈው ግን ሰዎቹ እንዳይሰሙት ጠጋ ብሎ «እኔስ ብጀምር እችላለሁ?» አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ቴክኒኩን አሰልጣኙ ያስተምራችኋል፣ እኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

በእኛ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ካራቴን የተማረው ቪዲዮ ቤት ነው። ብሩስ ሊን አይተን ወጥተን ግንብ ስንደበድብ ነው ያደግነው። ጁጂትሱ ሌላ ነው፤ ቦክስ የለም፣ እርግጫ የለም። ይልቅ የሚመስለው መስክ ላይ የምንገጥመውን የልጅነት ትግል ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ እዚህ ግን ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው ጀርባችሁ መሬት ሲነካ ነው። ሚትሱዮ ማኤዳ የሚባል ጃፓናዊ የጁዶ ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ፣ ቤሌም ከተማ ላይ ካርሎስ ግሬሲን አስተማረ፣ ካርሎስም ወንድሞቹን። ታናሽየው ሄሊዮ ከሲታ ነበር። ጉልበት የሚጠይቀው አልሆንልህ ሲለው ተኝቶ በእግሩ ይዞ ሌላው እስኪደክም መጠበቅን አዳበረ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ የተለያየ የትግል ስፖርት ሰዎች እርስ በርስ በሚገጥሙበት ውድድር፣ በመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የሄሊዮ ልጅ ሮይስ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ፤ ክብደቱ 80 ኪሎ ገደማ ነበር። ይህን የማነሳው ታሪክ ላስተምር ብዬ አይደለም። ነገሩ ሲጀመርም ጉልበት ላነሰው ሰው የተበጀ ነው፣ እኛ ደግሞ ጉልበት ያነሰን ሰዎች ነን።

ሐኪም እዩ የሚለው ምክር ሁሉም ስለሚለው ማንም አይሰማውም። እናንተ ስሙት። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ የአንገትና የወገብ ዲስክ ይታይ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ «ስፖርት ልጀምር ነው» አትበሉት፣ እሱ የሚመስለው ሩጫ ነው። «አንገት የሚታነቅበት፣ ሰው ላይ የሚወደቅበት ስፖርት ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

«መጀመሪያ ትንሽ ልክሳ፣ ሰውነቴን ላስተካክልና እጀምራለሁ» የሚል ሰው አይጀምርም። ሁለት ዓመት እንደዚህ ስል ስለነበር አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ዝግጅት አንድ ነው፣ ከመሬት መነሳት። ምንጣፍ ላይ ተኙና በአንድ እጅ ብቻ ተደግፋችሁ ተነሱ፣ በቀን አሥር ጊዜ። ስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው በማግስቱ ጭኑ ምን እንደሚለው ያውቃል። የመጀመሪያው ወር እንደዚያ ነው፣ በየሳምንቱ።

ጂም ስትመርጡ ሄዳችሁ አትመዝገቡ፣ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ እዩ። ሽበት ያለው ሰው ስንት አለ? ለጀማሪ ብቻ የተለየ ሰዓት አለው? አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከማንም ጋር ያታግላሉ ወይስ ጥቂት ሳምንት ያቆዩታል? ባለ ከፍተኛ ቀበቶዎቹ ከደካማ ጋር ሲሆኑ ቀስ ይላሉ ወይስ ይጨፈልቁታል? አንድ ሰው በባዶ እግሩ ሽንት ቤት ደርሶ ተመልሶ ምንጣፉን ሲረግጥ ካያችሁና ማንም ካልተናገረው፣ ጫማችሁን አድርጉና ውጡ። እህቶች፣ ስንት ሴት እንዳለ ቁጠሩ፣ የሴቶች ብቻ ሰዓት ያለውም ብዙ ነው። የስፖርት ሒጃብ ለብሰው የሚሠለጥኑም አሉ። ገልፍ ያላችሁ፣ በተለይ አቡዳቢ፣ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ጁጂትሱን በትምህርት ቤት ሳይቀር ነው የሚያስተምሩት።

ውሉን አንብቡ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቦታ የአንድ ዓመት አስፈረሙኝ። በኋላ ጉልበቴ ሁለት ወር ቤት ሲያስቀምጠኝ በየወሩ 180 ዶላር ከካርዴ ይቆርጡ ነበር። «ከተጎዳህ እናቆመዋለን» ያለኝ ልጅ የነገረኝ በአፉ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም። በወር በወር የሚከፈል ካለ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ።

ልብሱ ጊ ይባላል፣ የካራቴ ልብስ ይመስላል ግን ወፍራም ነው፣ ምክንያቱም ሰው እሱን ይዞ ነው የሚጎትታችሁ። መቶ ዶላር ገደማ ያለው ይበቃል። ጥጥ ስለሆነ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ልክክ ያለ አትግዙ። የጥርስ መከላከያ ግዙ፣ በዚህ ዕድሜ የጥርስ ሐኪም ዋጋ ታውቃላችሁ። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና ጉትቻ ይውለቅ።

ማተብ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። ብረት መስቀል አንጠልጥሎ መግባት አይሆንም፣ የናንተንም ደረት የሌላውንም ፊት ይቧጭራል። ክሩ ደግሞ ረዘም ካለ የሰው ጣት ይገባበትና አንገት ይቆርጣል፣ ወይም እሱ ራሱ ይበጠሳል። እኔ ክሩን አሳጥሬ አሰርኩት፣ ከላዩ አንገቱ ከፍ ያለ ጥብቅ ቲሸርት እለብስና ጊውን እደርባለሁ። መስቀሉ ለሥልጠናው ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ነው። አሰልጣኙን ቀድሜ አስረዳሁት፣ ገባው። ሳይነግሩት ግን «ይህን ክር አውልቅ» ብሎ ሰው ፊት ሲላችሁ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው። ማሟሟቂያ አለ፣ እሱ ብቻውን ሊጨርሳችሁ ይችላል፣ ስትደክሙ ቁሙ። ቀጥሎ አሰልጣኙ አንድ ሁለት ነገር ያሳያል፣ ከአንድ ሰው ጋር ትደጋግሙታላችሁ። መጨረሻ ላይ የእውነቱ ትግል፣ ብዙ ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ። እዚያ ላይ የሁላችንም ስህተት አንድ ነው፦ ትንፋሽ እንይዛለን። በአፍንጫችሁ መተንፈስ ካቃታችሁ ጉልበት እያበዛችሁ ነው፣ ላሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እጅ መስጠት፣ ታፕ የሚሉት። የያዛችሁን ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ በመዳፍ መታ ማድረግ ነው። እጅ ከታሰረ በእግር ምንጣፉን መምታት፣ ሁሉም ካልሆነ በአፍ «ታፕ» ብሎ መጮህ። ያ ሰው ወዲያው ይለቃል፣ ትጨባበጣላችሁ፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። በቃ። ማንም አይቆጥርም። እኛ ግን እልህ ጠጥተን ያደግን ሰዎች ነን፣ «እጅ መስጠት» የሚለው ቃል ራሱ ያመናል። የሃያ ዓመት ልጅ እልህ ቢይዘው ክርኑ ለአንድ ሳምንት ያመዋል፣ የእኛ ግን ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ሕመሙን አትጠብቁ። ክንዳችሁ መዘርጋት ሲጀምርና መውጫው እንደጠፋችሁ ስታውቁ መታ መታ። አንገት ላይ የደም ሥር በትክክል ከተያዘ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ «ትንሽ ልታገሥ» የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ የከፋው ተረከዝ ይዞ ጉልበት የሚያዞረው ነው፤ ሕመሙ ሲሰማችሁ ጅማቱ ተጎድቶ አልቋል። ጀማሪ ላይ አይሠራም፣ የሚሠራባችሁ ካለ ገና እግራችሁን ሲይዝ ታፕ አድርጉና «ይህን አልፈልግም» በሉ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጠላት ይመጣል፣ ይሉኝታ። ሰው «እንታገል?» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እንቢ ማለት ነውር ይመስለናል። ጉልበቴን ለሁለት ወር ያጣሁት በእልህ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ነጭ ቀበቶ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሬስሊንግ ይወዳደር የነበረ፣ በዚያ ቀን ከሰው ሁሉ ጋር ሲጋጭ ሳየው የዋልኩት ልጅ ነው። እንደማይሆን እያወቅኩ «እሺ» አልኩ። ከላዬ ወደቀ፣ እግሬ ከሥሬ ታጥፎ ነበር። አሁን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ይህ ዙር ይለፈኝ» እላለሁ፣ የተቀየመኝ ሰው የለም። አደገኛው ጥቁር ቀበቶ አይደለም፣ እሱ እንደ ሕፃን ይይዛችኋል። አደገኛው ጉልበቱ ያልተገራ ጀማሪ ነው። ሰው ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ ተናገሩ፦ ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው፣ ግራ ትከሻዬ ታማሚ ነው፣ ቀስ እንበል። ይህን ሰምቶ ቀስ ካላለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከእሱ ጋር አትግቡ።

ምን ላይ እናተኩር ካላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ማነቅን ተዉትና ማምለጥን ተማሩ። ሁለት ነገር፦ አንደኛው በጎን ተኝቶ ዳሌን ወደ ኋላ እየገፉ ክፍተት መፍጠር ነው፣ ሽሪምፕ ይሉታል። ሁለተኛው ክንድን በሰውየው አንገትና ዳሌ ላይ እንደ ምሰሶ ማቆም። ምሰሶው የሚሠራው በአጥንት ነው፣ ጡንቻ ይዝላል፣ አጥንት ግን አይደክምም። በእጃችሁ እየገፋችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ቀጥሎ ሃፍ ጋርድ የሚሉትን አጥኑ፣ የሰውየውን አንድ እግር በሁለት እግር ቆልፎ ከሥር መሥራት ነው፣ ፍጥነት አይጠይቅም፣ የኛ ዕድሜ ሰዎች መንደር ነው። እየተገለባበጡ የሚሠሩትን የኢንስታግራም ነገሮች እርሷቸው።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ሦስተኛውን ቀን ልባችሁ ሲፈልግ እንኳ የመጀመሪያውን ዓመት ተዉት። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ማቋረጥ አያስፈልግም፣ እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮና ምስር በልቼ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እገባለሁ፣ ግን አንድ ዙር ብቻ ታግዬ እወጣለሁ። ረመዳን የሚጾሙት ጓደኞቼ ደግሞ ከማፍጠራቸው በፊት ቴክኒኩን ብቻ ሠርተው ትግሉን ይዘላሉ።

ስትወጡ ወዲያው ታጠቡ፣ «ቤት ስደርስ» አይባልም። ጊው በየቀኑ ይታጠብ፣ ቀበቶውም ጭምር፣ ቀበቶ ማጠብ ዕድል ያጠፋል የሚሏችሁን አትስሟቸው። ጭርት በአንድ ሳምንት ጂሙን ሊያዳርስ ይችላል። ቆዳችሁ ላይ ክብ ነገር ካያችሁ ደብቃችሁ አትግቡ።

ቀበቶው ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ነው። ሰማያዊ ለመድረስ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ጥቁር ደግሞ አሥር ዓመት አካባቢ ይፈጃል፣ በኛ ፍጥነት ከዚያም በላይ። ማሰብ ካስጨነቃችሁ አታስቡት። መወዳደር ካማራችሁ ከእኩያ ጋር ነው፤ ማስተር የሚባለው ምድብ ከ30 ዓመት ይጀምርና በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይከፈላል፣ 46 የሞላው ማስተር 4 ነው። ከሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ጋር ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ በቴሌቪዥን ያየነው የምግብና የጉዞ ፕሮግራም አቅራቢው አንቶኒ ቦርዴን ጁጂትሱ የጀመረው ሃምሳዎቹን ሊጨርስ ሲል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ላይ በ59 ዓመቱ በሰማያዊ ቀበቶ ወርቅ ወሰደ። እኔ አንድ ጊዜ ገብቼ በመጀመሪያው ዙር ወጣሁ። ቶሎ ታፕ ስላደረግኩ ሰኞ ሥራ ገባሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። ምንጣፉ ፊት ይልጣል፣ የጊው አንገትጌም እንዲሁ። ጉንጫችሁ ላይ ጭረት ባለበት ቀን እናታችሁ ጋ በቪዲዮ አትደውሉ። እኔ ደውዬ «ማን ነው የመታህ? ፖሊስ ነው?» ብላ አለቀሰች፣ ተጫውቼ ነው ስላት ደግሞ ባሰባት። አሁን ጭረቱ እስኪድን በድምፅ ብቻ ነው የምደውለው።