አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ራም ከመጨመራችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች እወቁ

ላፕቶፑ ቆይቷል፣ ብሮውዘር ላይ ጥቂት ታብ ሲከፈትበት ይንቀራፈፋል፣ ያየው ሰው ሁሉ «ራም ጨምርበት» ይላል። ራም ማለት ላፕቶፑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከ4 ጊጋባይት ወደ 8 ያደገ ላፕቶፕ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ ገና በደንብ ያገለግላል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ መጣል ያሳዝናል። ግን ነገሩ በብዛት የሚበላሸው ብሎን ስትፈቱ ሳይሆን ገና ራሙን ስትገዙ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ችግሩ የራም መሆኑን ሳያጣሩ መግዛት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን፣ ማለትም ሜሞሪውና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ክፈቱና እንደወትሯችሁ ሥሩ። ሜሞሪው 85 ወይም 90 በመቶ ላይ የሚውል ከሆነ ራም ያስፈልጋችኋል። ሜሞሪው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቀረ ግን የሚያዘገየው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ገንዘባችሁን ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ላይ አውሉት። ሁለቱም አብረው ከሞሉስ? ራም ሲያልቅበት ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ዲስኩም አብሮ ይጨናነቃል። ያኔ ከራሙ ጀምሩ።

«የላፕቶፕ ራም ስጡኝ» ብሎ ብቻ መግዛትም አለ። ራም በትውልድ ይለያያል፦ ዲዲአር2 200 ፒን (ጠርዙ ላይ ያሉት የብረት መገናኛዎች)፣ ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 ደግሞ 260 ፒን አላቸው፤ መሃላቸው ላይ ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እምቢ ካለ አትግፉት፣ ስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) ከተሰበረ ጣጣው ወደ ማዘርቦርዱ፣ ወደ ዋናው ሰሌዳ፣ ይሄዳል።

ይሄኛው ግን ስለማይገባ ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ሰው የሚሸወደው ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ላይ ነው። ሁለቱም 204 ፒን ናቸው፣ ቁርጣቸው አንድ ነው፣ ልክክ ብለው ይገባሉ። ልዩነታቸው ቮልቴጅ ነው፦ የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት። ዲዲአር3ኤል አብዛኛውን ጊዜ በ1.5 ቮልትም ስለሚሠራ በቀድሞዎቹ የዲዲአር3 ላፕቶፖች ላይ አያስቸግርም። የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። ከ2013 ጀምሮ የመጡት ባለ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላፕቶፖች በብዛት 1.35 ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ባለ 1.5ቱን ሰክታችሁ ስታበሩት ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ሰውም ላፕቶፑ የተቃጠለ መስሎት ይደነግጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። የድሮውን ራም አውጡና ስቲከሩን አንብቡ፦ ከፒሲ3 (PC3) ቀጥሎ ኤል (L) የሚል ፊደል ካለ አዲሱም ላይ መኖር አለበት። ፎቶ አንስታችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ላፕቶፑ የሚችለውን ጣሪያ አለማወቅም ገንዘብ ያስበላል። ባለ ሁለት ስሎት ከሆነ፣ የመጀመሪያ ትውልድ ኮር አይ ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ እስከ 8 ጊጋባይት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልዶቹ እስከ 16 ጊጋባይት ይሄዳሉ። በሁለተኛና ሦስተኛ ትውልዶቹ ላይ አንድ ስሎት 8 ጊጋባይት ነው የሚችለው፣ ባለ 16 አንድ ፍሬ ገዝታችሁ አትሰኩ። የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው አይታችሁ የአምራቹን ማኑዋል ፈልጉ። ዊንዶውሱንም እዩ፣ 32 ቢት እና 64 ቢት የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋባይት ብትሰኩለትም ከ4 በላይ አይጠቀምም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚተርፋችሁ 3 ምናምን ነው። ወደ 64 ቢት መሄድ ደግሞ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ስለሚጠይቅ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ሳይከፍቱ መግዛትም አይመከርም። አንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ለምሳሌ ማክቡክ ኤር ላይ ራም መጨመር አይቻልም። አንዳንዱ ደግሞ ሁለተኛውን ስሎት ደብቆት ነው የሚሠራው፤ ቲንክፓድ ቲ420ን ብትወስዱ አንዱ ከሥር ክዳኑ ሲከፈት ይገኛል፣ ሌላው ያለው ኪቦርዱ ሥር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንድ ስሎት ብቻ ያለው መስሎት ደህናውን ራም አውጥቶ ያስቀምጣል።

ስለ ፍጥነት ብዙ አትጨነቁ። 1600 እና 1333 ቢቀላቀሉ ሁለቱም በ1333 ይሠራሉ፣ ያን ያህል አይታወቃችሁም። መጠኑ እኩል የሆነ ጥንድ መግዛት ግን ይጠቅማል፣ በተለይ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው ካልሆነ፤ ከዋናው ራም ስለሚበደር ሁለት ባለ 4 ከአንድ ባለ 8 የተሻለ ፍጥነት ይሰጡታል።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ፣ ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ የጠፋ ይመስላል፣ ግን ኤሌክትሪክ አለው። ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ራሙን ሊጎዳ ስለሚችል በባዶ እጅ ብረት ነክታችሁ ጀምሩ። ወርቃማውን ጠርዝ አትንኩ። ራሙን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን አዘንብላችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡት፣ ከዚያ ወደ ታች ስትጫኑት የግራና የቀኝ መያዣዎቹ ቀጭ ይላሉ። ቀጭ ካላሉ አልገባም። በኃይል ከመጫን አውጥቶ እንደገና መሞከር ይሻላል።

ስታበሩት ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። የመጀመሪያው አነሳስ ሊዘገይ ስለሚችል ትንሽ ጠብቁት። ካልሆነ አጥፉና፣ ቻርጀሩንም ባትሪውንም ነቅላችሁ፣ ራሙን አውጥታችሁ መልሳችሁ ክተቱ፣ ከዚያም አንድ አንድ እያደረጋችሁ ሞክሩ፤ አብዛኛው ጉዳይ ጥሩ አለመግጠም ነው።

ስለተነሳ ብቻ ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። የታመመ ራም ላፕቶፑን በደህና ያስነሳና ውስጥ ውስጡን ፋይል ያበላሻል፣ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየውን ሰማያዊ ስክሪን እስክታዩ ድረስ ላታውቁት ትችላላችሁ። ዊንዶውስ የራሱ የሜሞሪ መመርመሪያ አለው፤ እሱን ወይም ሜምቴስት86ን ሌሊት ክፍት አድርጋችሁ እደሩ። አንድም ስህተት ካወጣ ራሙን መልሱ። ምርመራው ንጹህ እስኪሆን ድረስ የድሮውን ራም አትሽጡት፣ ለሰውም አትስጡት።